በሰዓት የሚከፈላት አሮጊት

ይህን የምጽፈው ልጄ እንዲያነበው አይደለም። ልጄ አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም። የምራቴ እናት ግን ታነባለች፤ ስለዚህ ተጠንቅቄ እጽፈዋለሁ።

ታከር በምትባል የአሜሪካ ከተማ ካለው ቤቴ ብዙም ሳይርቅ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ አለ። ጉልበቴ እምቢ እስኪለኝ ድረስ እዚያ ሰው በማጠብና በማልበስ ሠርቻለሁ። ሥራውን ከተውኩ በኋላ የመኖሪያው አሠልጣኝ ደወለችልኝ። አሜሪካዊት ናት። አንገቷ ላይ ሁለት መነጽር አንጠልጥላ ሦስተኛውን ስትፈልግ ትውላለች። ለነርሶች፣ ለሶሻል ወርከሮችና ለጀማሪ ሐኪሞች የምታስተምረው አንድ ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ «ወደ ቤቴ ልሂድ» ሲል ያንን ለመወሰን አእምሮው ይችላል ወይስ አይችልም? ካልቻለስ በር ቆልፎ ማስቀመጡ መቼ ጥበቃ ነው፣ መቼ ነው እስር? ለዚህ መለማመጃ የሚሆን ሰው አጥታ ነበር የደወለችው።

«ምን ልሥራ?» አልኳት።

«ወንበር ላይ ትቀመጪያለሽ። አሮጊት ትሆኛለሽ።»

«ከዚያስ?»

«ይኸው ነው።»

አሮጊት ሆኖ ለመቀመጥ በሰዓት የሚከፈልበት አገር ነው። እኔ በነጻ ስሠራው ቆይቼ ነበርና እሺ አልኩ። ለማንም ግን አልተናገርኩም። የሐበሻ ወሬ አውቀዋለሁ፤ «ልጇ ኢንጂነር ሆኖ እሷ እብድ እየሆነች ትበላለች» ለመባል ከአንድ እሑድ በላይ አይፈጅም።

እንድጫወት የተሰጠኝ ሚና ዘመዶቿ መኖሪያው ውስጥ ያስገቧት፣ ወደ ቤቷ መመለስ የምትፈልግ አንዲት ባልቴት ነበር። ሠልጣኞቹ ተራ በተራ ይመጡና ይጠይቁኛል። የተነገራትን ትረዳለች? እስክትወስን ድረስ ልቧ ውስጥ ይቆያል? ጥቅሙንና ጉዳቱን ታመዛዝናለች? ውሳኔዋን መግለጽ ትችላለች? አሠልጣኟ ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር ታስጠናቸዋለች። «ትችላለች ብላችሁ ጀምሩ። አትችልም የሚለውን ማሳየት የእናንተ ዕዳ ነው። ሞኝ ውሳኔ ደግሞ የሞኝነት ማስረጃ አይደለም።» ይህን ስትል አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛ ሥር ናት፤ መነጽር ፍለጋ።

አንዳንድ ቀን የምትችለዋን፣ አንዳንድ ቀን የማትችለዋን እሆናለሁ። የማትችለዋ አቃተችኝ። ትናንት የተወለደ ልጅ እስክሪብቶ ይዞ «የት እንዳለሽ ታውቂያለሽ?» ሲለኝ አላውቅም ማለት ሞት ሆነብኝ። አድራሻውን ከነዚፕ ኮዱ እነግረዋለሁ። አሠልጣኟ ወደ ኮሪደር ወሰደችኝና «እባክሽ ትንሽ ግራ ይግባሽ» አለችኝ።

መላ ያገኘሁት ሰው በመዋስ ነው። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ምንም የማያስታውስ ሰው ሲያስፈልግ የድሮውን የእድራችንን ሊቀመንበር አመጣሁ። ያልተጠየቀችውን የምትመልስ፣ እንባዋ ከየትም የሚመጣ ሴት ሲያስፈልግ ግን ሩቅ አልሄድኩም፤ የምራቴን እናት ሆንኩ። በዚያ ቀን ሠልጣኞቹ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ «አቅም የላትም» ብለው ፈረዱ። መኪና ውስጥ እያንጎራጎርኩ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት።

የሚያስተምሩኝም ነገር ነበር፤ የማስተምራቸውም። አንድ ሠልጣኝ ጁስ ይዞልኝ መጣ። እንደ ሰው ልጅ «አይ፣ ይቅርብኝ» አልኩ። ወዲያው ጁሱን መልሶ ወሰደውና «ፈሳሽ አትወስድም» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ የመጣው ወረቀቱን አይቶ ሐኪም ቤት ትግባ አለ። ለአሠልጣኟ፣ እኛ ዘንድ ሰው ሦስቴ ካልተለመነ አይቀበልም ብዬ አስረዳኋት። እጅግ ደስ አላት። ደስታዋ ግን ልክ አልነበረውም፤ ከዚያ ወዲያ ሠልጣኞቹ ማንንም ሰው ማንኛውንም ነገር ሦስት ሦስት ጊዜ መጠየቅ ጀመሩ። እዚያ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣ መታጠብ ይፈልጉ እንደሆነ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቁ ጫማቸውን ወረወሩ። «ውሳኔውን መግለጽ ይችላል» ተብሎ ተጻፈላቸው።

ወደ ልጄ ልመለስ። አባቱ የሞተ ሰሞን ሳሎኔ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ካሜራ ሰቅሎ ነበር። «ለሴፍቲ ነው፣ እማዬ» አለኝ። እኔም ረሳሁት፤ ዕቃ ሆነ። አንድ ሳምንት ታዲያ ቤቷን የማታውቅ ሴት እንድሆን ታዘዝኩ። ከባድ ስለሆነብኝ ቤቴ ውስጥ ወንበር አስቀምጬ ተለማመድኩ። «ይህ ቤቴ አይደለም! ወደ ቤቴ ውሰዱኝ! ኧረ በሩን ክፈቱልኝ!» መጀመሪያ ላይ ቁጣ በዛበት። እንደገና ጀመርኩ፤ እንባ ጨመርኩበት። እንባው ልክ ሲመጣ ድምፄ ቀረ። ደግሜ ደጋግሜ ሠራሁት። በመጨረሻ ጥሩ ወጣልኝና ለራሴ አጨበጨብኩ።

ልጄ ዱሉዝ መሥሪያ ቤቱ ሆኖ በስልኩ ሁሉንም አይቷል። ጭብጨባውን ጭምር።

ሲመጣ መኪናውን ግማሹን ሣር ላይ ነው ያቆመው።

«እማዬ፣ አሁን የት ነው ያለሽው?»

«ሶፋ ላይ።»

«ኖ፣ የማን ቤት?»

«የእኔ። ጫማህን አውልቅ።»

«ካሜራውን ቼክ አደረግኩት። ቤቴ አይደለም እያልሽ ስታለቅሺ ነበር። ማንም የለም፤ ወንበሩን ነበር የምታናግሪው።»

ምን ልበል? ብዙ አሰብኩና የማይቀረውን አወጣሁት። «ልምምድ ነው። ተዋናይ ነኝ» አልኩት።

እጄን ያዘኝ፣ ጉንጬን ሳመኝ፣ ወደ ኮሪደሩ ወጣና ለሚስቱ ደወለ። «ሃኒ፣ ኢት ኢዝ ዎርስ። አክተር ነኝ ትላለች።»

ከዚያ በኋላ የምናገረው ሁሉ ምልክት ሆነ። ብናደድ ምልክት ነው፤ ብስቅም ምልክት ነው። እውነቱን ስነግረው ደግሞ የባሰ ምልክት ነው። የአረጋውያን መኖሪያውን ስም ጠቅሼ «ደውለህ ጠይቅ» ስለው አይኑ እንባ ሞላ። «እዛ እኮ ሠርተሽ ነው የወጣሽው፣ እማዬ። አሁንም የምትሄጂ ይመስልሻል?» አለኝ።

ዕቅዱን ሚስቱና እሱ ጨርሰውታል። ቤቴ ይሸጣል። እኔ ስኔልቪል እነሱ ዘንድ እገባለሁ። ቤዝመንቱ ሁለት መኝታ ቤትና አንድ ኪችን አለው። አንደኛው መኝታ ቤት ውስጥ የምራቴ እናት ትኖራለች፤ ሁለተኛው ባዶ ነው። «ካምፓኒ ትሆኛታለሽ» አለኝ ልጄ።

«አልፈልግም።»

«ሪዝን ስጪኝ።»

አልሰጠሁትም። ባደግኩበት ቤት የጎልማሳ ገመና በልጅ ፊት አይዘረገፍም። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ።

ባሌ የሞተ ዕለት ከልጄ ጋር የሬሳ ሳጥን ልንመርጥ ሄድን። ስመለስ ቤቴ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ከበሩ ትይዩ ባለው ሰፊው ወንበር፣ እኔ በምቀመጥበት፣ የምራቴ እናት ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ እየገባ ለእሷ ጎንበስ ይላል። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይላታል። እሷም ደረቷን እየመታች «ጥሎኝ ሄደ! ምን ላድርግ፣ ጥሎኝ ሄደ!» ትላለች። የእኔን ባል! ድምፅዋን ከበር ሲሰማ ጋራዥ ገብቶ መፍቻ የሚቆጥረውን ሰውዬ!

በር ላይ እንደቆምኩ አንድ የማላውቀው ሰው የውሃ ካርቶን አስታቀፈኝ። «እህቴ፣ እባክሽ ይህን አዙሪ» አለኝ። አዞርኩ። በባሌ ለቅሶ ላይ ውሃ አዞርኩ። አንዲት ሴትዮ ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብላ «ለሟች ምናቸው ነሽ?» አለችኝ። የሚያውቁኝም ነበሩ፤ ይሉኝታ ይዟቸው ወለሉን ያያሉ። እኔም ያው። ሐዘኑ እስኪያበቃ ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሳችም። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አልሰጠኋትም፤ ሰላምታውንም ቆጥቤ ነው።

ልጄ ጉዳዩን ለሐኪሜ ነገረ። ሐኪሜም አማርኛ የምትናገር ገምጋሚ ቤቴ ድረስ ላከ። እሷ አቅም የላትም ካለች ልጄ ሞግዚቴ ሊሆን ይጠይቃል፤ ቤቱ ይሸጣል፤ እኔም ሌላ ሰው የሚከፍትልኝ በር ውስጥ እገባለሁ። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በሰዓት እየተከፈለኝ የማስተምረው እሱን ነበርና።

በቀጠሮው ቀን ልጄ የምራቴን እናት ይዟት መጣ። «ልታጽናናሽ ነው» አለኝ። በሩ ተደወለ። ከፈትኩት። ገምጋሚዋ በእኔ ላይ የሠለጠነች ልጅ ሆና ተገኘች፤ እዚሁ የተወለደች ሐበሻ። የምራቴን እናት በሆንኩበት ቀን አቅም የለሽም ያለችኝ ናት።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አንቺ ነሽ?» አለች። እርስዎ የሚባል ነገር እሷ ያደገችበት ቤት አልገባም።

«ትተዋወቃላችሁ?» አለ ልጄ።

«ኦፍ ኮርስ! አክትረስ ናት። ሺ ኢዝ ሶ ጉድ።»

ልጄ ተቀመጠ። ቀስ እያለ ፊቱ ተለዋወጠ። «ዋይ ዲድንት ዩ ቴል ሚ?»

«ነግሬሃለሁ። አንተም ለሚስትህ ደውለህ ነገርካት።»

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ። ልጅቱ ግን ትእዛዙን ተቀብያለሁና መጨረስ አለብኝ አለች። በረንዳ ወጥታ ለአለቃዋ ደወለች። አለቃዋም ሌላ አማርኛ የሚችል የለም፤ እንደምታውቂያት ጻፊና ቀጥዪ አላት። ተመልሳ ልጄንና የምራቴን እናት «ፕራይቬት ነው» ብላ ወደ ኪችን ላከቻቸው። ኪችኔ በር የለውም። ማንኪያ ስኒ ውስጥ ሲዞር ይሰማል።

ጠየቀችኝ። ደረጃው፣ ምድጃው፣ ጉልበቴ፣ መኪናው፣ ብቻዬን ብወድቅ። ሁሉንም መለስኩ። እንዲያውም አንዱን ስትዘነጋ «አሁን የነገርሽኝን በራሴ አነጋገር እንድደግመው ጠይቂኝ» ብዬ አስታወስኳት። ጠየቀችኝ፤ ደገምኩላት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ችግሩ እኮ ይሄ ነው» አለች። «መልሱን ሁሉ ታውቂዋለሽ። አክት እያደረግሽ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«ምኑን ነው አክት የማደርገው?»

«ደህና መሆንን።»

በዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤአለሁ። ጤነኛ መስላ ታታልላለች ተብዬ ግን አላውቅም።

«አንድ ያልነገርሽኝ ነገር አለ» አለች። «ስኔልቪል ልጅሽ አለ፣ የልጅ ልጆችሽ አሉ፣ ሴፍ ነው። ለምን አትሄጂም?»

«አልፈልግም።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

ጻፈች። «እንዲሁ» የሚል ሰው ምን እንደሚጻፍለት አውቃለሁ። ማመዛዘን አትችልም ነው የሚጻፈው። ቤቴ በአንድ ቃል ሊሄድ ነው። ምክንያቴን ደግሞ ከባሌ ጋር አብሬ ቀብሬው ነበር።

ነገርኳት። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነው፤ ወንበሩ ላይ ስደርስ ግን ድምፄን የሚይዘው ጠፋ። «ጥሎኝ ሄደ» የሚለው ላይ ስደርስ ኪችን ውስጥ ማንኪያው ቆመ። የምራቴ እናት ስኒዋን እንደያዘች ወጣች።

«እኔ ሚስቱ ነኝ አልኩ? ሰው መጥቶ አጠገቤ ጎንበስ ብሎ ሲያለቅስ እኔ አላልቅስ ነው የሚሉኝ?»

«ጥሎኝ ሄደ ብለዋል!»

«ታዲያ ጥሎን አልሄደም?»

«ባሌ ድምፅዎን ሲሰማ ጋራዥ ነበር የሚገባው!»

«ከእኔ ሸሽቶ ነው ጋራዥ የሚገባው? ያን ያህል ዓመት አብረው ኖረው ከማን እንደሚሸሽ አያውቁም?»

«ጋይስ፣ ጋይስ» አለች ልጅቱ።

«ተነሺ ቢሉኝ እነሳ ነበር!» አለች የምራቴ እናት።

«በባሌ ለቅሶ ላይ ተነሺ ልበልዎት? ሰው ምን ይላል?»

«እኔስ ሊያጽናናኝ የመጣን እንግዳ ተሳስተሃል ልበለው? ሰው ምን ይላል?»

ልጄ ከኋላዋ ቆሟል። «እማዬ» አለ፣ «ውሃ ስታዞሪ የነበረው ለዚህ ነው? አይቼሽ እኮ ነበር። ስትሮንግ ነሽ ብዬ ነበር።»

 ያን ዕለት አይቶኝ እንደነበር አላውቅም ነበር።

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ይሄን ሁሉ ዓመት በዚህ ምክንያት ነው?»

«በዚህ ምክንያት ነው።»

«ሐሳብሽን ለውጠሽ ታውቂያለሽ?»

«አንድም ቀን።»

«ብቻሽን ወድቀሽ ማንም ባይደርስልሽስ?»

«የምወድቅበት ወለል የእኔ ነው» አልኳት።

ረጅም ጊዜ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ውሳኔው ብልህ ላይሆን ይችላል፣ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፣ ከዓመት ዓመትም አልተናወጠም አለች። «አቅም አለሽ። እንዲህ ወጥ የሆነ ሪዝን አይቼ አላውቅም።» ቄስ በኑዛዜ ቁጥር ተዪው የሚለኝ ቂም፣ ቤቴን ያተረፈልኝ እሱ ሆነ።

ልጄ ወንበር አስጠግቶ ወጣና ካሜራውን ነቀለው።

ልጅቱ ዕቃዋን እየሰበሰበች ሳለ፣ እንደዋዛ፣ ወደ ምራቴ እናት ዞረች። «አንቺስ? ከእሷ ጋር መኖር ትፈልጊ ነበር?»

«እኔ?» አለች። ስኒውን አስቀመጠች። «እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ከዚህች ሴትዮ ጋር ከምኖር ጫካ ብገባ ይሻለኛል። ግን የት እሄዳለሁ? መኪና የለኝ፣ እዚያ ሰፈር አውቶቡስ የለ። የቤዝመንቱን በር ስከፍት ግድግዳው «በር ተከፈተ» እያለ በእንግሊዝኛ ይናገራል። ወዲያው ልጄ ከሥራዋ ትደውላለች፤ የት ነሽ ትለኛለች። ቆሻሻ ልጥል ነው እላታለሁ።»

ልጅቱ ቦርሳዋን ከፍታ አዲስ ወረቀት አወጣች።

«ኖ፣ ኖ» አለ ልጄ፣ ካሜራውን ታቅፎ። «የእሷን ማንም አላዘዘም!»

እንግዲህ ልጅቱ አፏን አልያዘችም። በማንም ሐዘን እውነተኛ እንባ የምታነባ ሴት ስኔልቪል እንዳለች ለአሠልጣኟ ነገረቻት። አሠልጣኟም ቀጠረቻት፤ የበሽተኛ ዘመድ እየሆነች እንድታለቅስ። ምራቴ ግድግዳውን ዝም አሰኝታዋለች ተባለ። በሥልጠናው ቀን ከቤቷ ወስጄ የማመላልሳት እኔ ነኝ። ከደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ የሚያመጣት የለም። መንገድ ላይ አንነጋገርም። ሌን ስቀይር ግን «ወይ ማርያም» ትላለች፣ ሆን ብላ።

ባለፈው ሥልጠና እኔ ወደ ቤቷ መሄድ የምትፈልገው ባልቴት ነበርኩ፤ እሷ እህቴ። ከመጀመሩ በፊት መጸዳጃ ቤት ሄጄ ስመለስ በእኔ ወንበር ተቀምጣለች። ሠልጣኞቹ ከበዋታል። አንዱ ተንበርክኮ እጇን ይዟል፤ ስለባሏ ሞት እያጽናናት ነው። እሷም ትንሰቀሰቃለች። ባልቴቷ እሷ ነች ብለው ነው፤ እሷም አላረመቻቸውም።

በር ላይ ቆምኩ። እግሬ ያንን መቆም ያውቀዋል።

«ይነሱ» አልኳት።

ቀና አለች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እሺ» ብላ ወዲያው ተነሳችና ጎን ካለው ወንበር ተቀመጠች። ይኸው ነው። ማንም ምንም አላለም። ተንበርክኮ የነበረው ልጅ ዞሮ የእኔን እጅ ያዘ።

ወንበሩ ሞቆ ነበር። ተቀመጥኩበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ለቅሶው መናደድ ትቻለሁ። አሁን የሚያናድደኝ ያን ያህል ቀላል መሆኑ ነው።